ስከንክን ከንስር የሚያወዳድሩ አገልግሎቶች፦ የቱ ይታመናል፣ የቱ ያሳስታል?

የሁለት እንስሳትን ስም ስታስገቡ ጎን ለጎን ሰንጠረዥ የሚያወጡ የኢንተርኔት አገልግሎቶች በዝተዋል። ክብደት፣ ርዝመት፣ ፍጥነት፣ ዕድሜ፣ የጥበቃ ደረጃ፤ በግራ አንዱ፣ በቀኝ ሌላው። አንበሳን ከነብር ስታወዳድሩ ጉድለታቸው ብዙም አይታይም፤ ሁለቱም ድመት አስተኔ ናቸውና ቁጥሮቹ በአንድ ዓይነት መንገድ የተለኩ ናቸው። ለዚህ ግምገማ የተመረጠው ጥንድ ግን ሆን ተብሎ የማይገናኝ ነው፦ ባለ መስመር ስከንክ (ሜፊቲስ ሜፊቲስ) እና ወርቃማ ንስር (አኩዊላ ክሪሳኤቶስ)። አንዱ ማታ ማታ መሬት እየጫረ ነፍሳት የሚለቅም፣ ጠላት ሲመጣበት የሚያስከረፋ ፈሳሽ የሚረጭ የሰሜን አሜሪካ አጥቢ፣ ሌላው ቀን በሰማይ የሚያድን ወፍ። እንዲህ ዓይነት ጥንድ ሲገባባቸው አገልግሎቶቹ የሚችሉትና የማይችሉት ወዲያው ይለያል።

ፍርዱን አስቀድሞ ለሚፈልግ፦ ለአካልና ለአኗኗር አኒማል ዳይቨርሲቲ ዌብ፣ ለዕድሜ አንኤጅ፣ ለጥበቃ ደረጃ የአይዩሲኤን (የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት) ቀይ መዝገብ፣ ለመገኛ ቦታ ጂቢፍ (የዓለም የብዝሃ ሕይወት መረጃ ቋት)። በራሳቸው ሰንጠረዥ የሚፈጥሩት የማወዳደሪያ ገጾች ለጥያቄና መልስ ጨዋታ ካልሆነ በቀር አይመከሩም። ምክንያቱ ቁጥራቸው ሁልጊዜ ስህተት ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ስህተቱ ያለው ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ረድፍ ላይ ማስቀመጡ ላይ ነው።

ከክብደት እንጀምር። ሰንጠረዦቹ መጻፍ የሚወዱት ከፍተኛውን ቁጥር ነው፦ ስከንክ እስከ 6 ኪሎ ግራም፣ ንስር ከ6 ኪሎ ግራም ትንሽ በላይ። ይህን ያነበበ ሰው ሁለቱ እኩያ ናቸው ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን 6 ኪሎ የሚደርስ ስከንክ የበረዶው ወራት ከመግባቱ በፊት ስብ ያጠራቀመ ትልቅ ወንድ ነው። አብዛኛው ጎልማሳ ስከንክ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። ስከንክ በብርዱ ወራት ጉድጓድ ገብቶ ረጅም ጊዜ ያሳልፋል፤ እንደ እውነተኛ የብርድ ወራት እንቅልፈኞች ሙሉ በሙሉ ባይደነዝዝም ከስቡ እየበላ ስለሚቆይ በጸደይ ሲወጣ ሌላ እንስሳ ይመስላል። በየትኛው ወር እንደተመዘነ የማይናገር የስከንክ ክብደት ግማሽ መረጃ ነው።

የንስሩ 6 ኪሎ ደግሞ የሴት ነው። በወርቃማ ንስር ሴቷ ከወንዱ በግልጽ ትበልጣለች፤ በአማካይ ወንዱ 3.6፣ ሴቷ 5.1 ኪሎ ገደማ ናቸው። በስከንክ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወንዱ ይከብዳል። ስለዚህ ጾታን ያልለየ ሰንጠረዥ ወንድ ስከንክን ከሴት ንስር ጋር እያስተያየ መሆኑን ራሱም አያውቀውም። ወንድን ከወንድ፣ ሴትን ከሴት ጋር ብታስተያዩ ልዩነቱ በሴቶቹ በኩል በጣም ይሰፋል።

ርዝመትም ያው ነው። ባለ መስመር ስከንክ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ከ52 እስከ 77 ሴንቲ ሜትር ይባላል፤ ከዚህ ውስጥ ከ17 እስከ 31 ሴንቲ ሜትሩ ጸጉራም ጅራት ነው። ወፍ የሚለካው በጀርባው አስተኝቶ ከመንቁር ጫፍ እስከ ጅራት ላባ ጫፍ ነው፤ የንስርን ግዝፈት የሚናገረው ግን የተዘረጋ ክንፉ ነው። ሰንጠረዡ የክንፍ ስፋት ረድፍ ካለው ደግሞ ለስከንኩ ምን እንደሚጽፍ ተመልከቱ። ደህነኛው «አይመለከተውም» ይላል። ደካማው ዜሮ ይጽፋል፤ ከዚያም ዜሮውን ይዞ «ንስር በዚህ መስፈርት ይበልጣል» ብሎ ነጥብ ይሰጣል። ይህን ካያችሁ ገጹን ዝጉት።

ፍጥነት ላይ ነገሩ ይብሳል። ስከንክ ሲሮጥ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለንስር የሚቀመጠው ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ የሚለው ሲሆን፣ ይህ ክንፉን አጥፎ ቁልቁል ሲወረወር የሚደርስበት ነው። በአዘቦት በረራው በሰዓት 45 እና 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሩጫን ከውርወራ ማወዳደር ማንንም አያስተምርም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን የመራቢያ ረድፍ ነው። «የእርግዝና ጊዜ፦ ስከንክ ከ59 እስከ 77 ቀን፤ ንስር ከ41 እስከ 45 ቀን» የሚል ታገኛላችሁ። የንስሩ ቁጥር እንቁላል የመታቀፊያ ጊዜ ነው፤ ከሰውነት ውጭ፣ በጎጆ ውስጥ። የስከንኩ ቁጥር ደግሞ ለምን እንዲህ እንደሚሰፋ አብዛኞቹ አይነግሩም። በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ከሚጠቁት ውስጥ ቀድመው ያረገዙት ሴቶች ጽንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ሳይጣበቅ ለተወሰኑ ቀናት ይቆይባቸዋል፤ ዘግይተው የተጠቁት ዘንድ ይህ መዘግየት ያጥራል ወይም አይኖርም። በዚህ የተነሳ የ18 ቀን ልዩነት ቢኖርም ልደቱ በግንቦት አካባቢ ይሰባሰባል። የ59 እና የ77 ቀን አማካይ ወስዶ 68 ብሎ የሚጽፍ ሰንጠረዥ ይህን ሁሉ ደፍጥጦ ያልፈዋል።

ሁለቱን በእውነት የሚለያቸው ረድፍ ብዙዎቹ ዘንድ የለም፦ መጀመሪያ የሚራቡበት ዕድሜ። ስከንክ በአንድ ወሊድ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሎቹ በ6 እና በ8 ሳምንት መካከል ጡት ይተዋሉ፤ በሚቀጥለው ጸደይ፣ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ሲሞላቸው፣ ራሳቸው ይራባሉ። ወርቃማ ንስር አብዛኛውን ጊዜ 2 እንቁላል ትጥላለች፤ ቀድሞ የተፈለፈለው ጫጩት ታናሹን ብዙ ጊዜ ይገድለዋል ወይም ምግብ ነስቶ ያስርበዋል። የተረፈው በ65 እና በ70 ቀን አካባቢ ከጎጆው ቢወጣም እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ድረስ አይራባም። አንዱ ብዙ ወልዶ ቶሎ የሚያልፍ፣ ሌላው ጥቂት ወልዶ ረጅም የሚኖር ነው። አንድ ጎልማሳ ንስር በኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የአደን ጥይት እርሳስ ያለበት ሥጋ በልቶ ሲሞት ጉዳቱ ከአንድ ስከንክ ሞት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ሰንጠረዡ ይህን ረድፍ ካልያዘ ዋናውን ነገር አጥቷል።

ፎቶውንም ሳታጣሩ አትለፉ። በአፍሪካ የሚኖረው ዞሪላ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ የሚያስከረፋ ፈሳሽም የሚረጭ በመሆኑ «ስከንክ» ተብሎ ይለጠፋል። ዞሪላ ግን የፌሬትና የሚንክ ዘመድ ነው፤ ቤተሰቡ ሙስቴሊዴ ነው። ባለ መስመር ስከንክን ለመለየት ግንባሩ ላይ ያለውን ቀጭን ነጭ መስመርና ከማጅራቱ ጀምሮ ጀርባው ላይ ለሁለት የሚከፈለውን ነጭ ሰንበር ተመልከቱ፤ በዞሪላ ጀርባ ላይ ነጩ መስመር አራት ነው፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የተለያዩ ነጭ ነጠብጣቦች አሉ። በምደባ ረድፍ ላይም ተመሳሳይ ፈተና አለ፦ ስከንክን አሁንም በሙስቴሊዴ ሥር የሚያስቀምጥ አገልግሎት መረጃው ያረጀ ነው። በ1990ዎቹ በተደረጉ የዘረመል ጥናቶች ምክንያት ስከንኮች ሜፊቲዴ የሚባል የራሳቸው ቤተሰብ ሆነዋል፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች የሚኖሩት ሽታማ ባጀሮችም አብረዋቸው ገብተዋል።

አሁን ወደሚረቡት እንለፍ።

አኒማል ዳይቨርሲቲ ዌብ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ሥር ነው፤ ከ1995 ጀምሮ አለ። ጎን ለጎን ማወዳደሪያ አያወጣላችሁም፤ ሁለቱን ገጽ ለየብቻ ከፍታችሁ ራሳችሁ ማስተያየት አለባችሁ። ይህ እንደ ጉድለት ቢታይም እንደ እኛ ግምት ጥቅም ነው። እያንዳንዱ ገጽ በአንድ ዓይነት ርዕሶች የተከፋፈለ ነው፦ መልክዓ ምድራዊ ስርጭት፣ መኖሪያ፣ አካል፣ መራባት፣ ዕድሜ፣ ጠባይ፣ አመጋገብ፣ አዳኞች፣ በሥርዓተ ምህዳር ውስጥ ያለው ሚና፣ ለሰው ያለው ጥቅምና ጉዳት። ቁጥሮቹ ከነዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰናቸው ይቀመጣሉ፤ የትኛው ጾታ እንደሚበልጥም ይነገራል። መረጃው ከየት እንደተወሰደ በየአንቀጹ ስለሚጠቀስ አጠራጣሪ ቁጥር ሲያጋጥም ምንጩ ድረስ መውረድ ይቻላል። ልብ ልትሉት የሚገባው፣ ብዙዎቹ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጽፈው በመምህራንና በአርታኢዎች የታዩ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ገጽ ጥልቀት ከሌላው ይለያያል። ገጹ የተጻፈበትን ዓመት ሳታዩ ምደባውንና የጥበቃ ደረጃውን አትውሰዱ።

አዳኞች የሚለውን ርዕስ በተለይ አንብቡት፤ ስከንክና ንስር በተፈጥሮ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነውና። ወርቃማ ንስር አልፎ አልፎ ስከንክ ይይዛል፤ ዋና ምግቡ ግን ጥንቸል፣ የመሬት ሽኮኮና መሰል አጥቢዎች ናቸው። የስከንክ ስመ ጥር አዳኝ ባለ ቀንድ ትልቁ ጉጉት ነው። አጥቢ አዳኞች አንዴ ከተረጩ ወዲያ ጥቁርና ነጩን ቀለም አይተው ይሸሻሉ፤ ከላይ በድንገት የሚወርድ ወፍ ግን ማስጠንቀቂያውን የማየት ዕድል አይሰጥም። ማስጠንቀቂያው ደግሞ ረጅም ነው፦ ስከንኩ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ይደበድባል፣ ያፏጫል፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ በመጨረሻም ሰውነቱን አጥፎ ፊቱንም ኋላውንም ወደ ጠላቱ ያዞራል። ከዚያ በኋላ ነው ከሁለቱ እጢዎቹ የሚረጨው፤ 3 ሜትር ላይ በደንብ ያነጣጥራል። እጢዎቹ የሚይዙት 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን ሲያልቅ እንደገና ለመሙላት ቀናት ስለሚወስድ በከንቱ አያባክነውም። ንስሩ በበኩሉ የሚተማመነው በጥፍሩ ነው፤ የኋላ ጣቱ ጥፍር ብቻውን 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ አኒማል ዳይቨርሲቲ ዌብም ሆነ ሌሎቹ የማይደርሱበት አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ የፈሳሹ ኬሚስትሪ። ሽታው የሚመጣው ድኝ ካለባቸው ታዮል ከሚባሉ ውህዶች ነው። ከእነሱ ጋር ታዮአሲቴት የሚባሉ ሽታቸው ደከም ያለ ውህዶች አሉ፤ እነዚህ ውሃ ሲነካቸው ቀስ በቀስ ወደ ታዮል ይለወጣሉ። የተረጨ ውሻ ሽታው ጠፋ ከተባለ በኋላ ዝናብ ሲመታው እንደገና የሚሸተው ለዚህ ነው። የቲማቲም ጭማቂ አፍንጫን ያታልላል እንጂ ታዮሉን አያጠፋም። የሚሠራው 1 ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ወዲያው ቀላቅሎ፣ ዓይን ሳይነካ ቀብቶ፣ 5 ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ ነው። የተረፈውን በጠርሙስ አትክደኑት፤ ኦክስጅን ስለሚያመነጭ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ጸጉርና ጨርቅም ሊያነጣ ይችላል።

ስለ ንስሩ ብቻ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የአሜሪካው የኮርኔል የአእዋፍ ላብራቶሪ ድረ ገጽ፣ ኦል አባውት በርድስ፣ ይበልጣል። ርዝመት ከ70 እስከ 84 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደት ከ3,000 እስከ 6,125 ግራም፣ የክንፍ ስፋት ከ185 እስከ 220 ሴንቲ ሜትር ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ርዝመቱ ከ66 እስከ 102፣ ክንፉ እስከ 234 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ስታዩ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል አትበሉ። የኮርኔሉ የሚመለከተው የሰሜን አሜሪካን ወፎች ነው። ሰፊው ቁጥር ከጃፓን ትንሽ ዝርያ እስከ ሂማላያ ትልቅ ዝርያ ድረስ ስድስቱንም ንዑስ ዝርያዎች ያጠቃልላል። ባለ መስመር ስከንክ የሚኖረው ከደቡብ ካናዳ እስከ ሰሜን ሜክሲኮ ስለሆነ ከእሱ ጋር ለማወዳደር ጠባቡ የኮርኔል ቁጥር ይሻላል፤ ሁለቱ እንስሳት በአንድ ምድር የሚገኙት እዚያ ነውና።

አንኤጅ የዕድሜ መዝገብ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው የረጅም ዕድሜ ቁጥሩ ከዱር የመጣ ይሁን ከእንስሳት ማቆያ፣ የመረጃው ጥራትና የናሙናው መጠን ምን ያህል እንደሆነ አብሮ መጻፉ ነው። ይህ ለእኛ ጥንድ ወሳኝ ነው። በዱር አብዛኛው ስከንክ ከ2 ወይም 3 ዓመት አያልፍም፣ ብዙው የመጀመሪያ ዓመቱን አይጨርስም፤ በሰው እጅ ግን ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ለንስር የዱር መረጃ አለ፤ እግሩ ላይ ቀለበት የሚታሰርለት ወፍ ስለሆነ። በ1980 በዩታ ቀለበት የታሰረለት ወርቃማ ንስር በ2012 እዚያው ሲገኝ ቢያንስ 31 ዓመት ከ8 ወር ሆኖት ነበር። እንግዲህ አንድ ሰንጠረዥ «ስከንክ 10፣ ንስር 31» ሲል በእንክብካቤ የኖረን ከዱር ጋር እያስተያየ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንኤጅን የምትጠቀሙት ቁጥሩን ለመውሰድ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ማብራሪያ ለማንበብ ነው። ከፍተኛ ዕድሜ አማካይ ዕድሜ አለመሆኑንም አትርሱ።

ታይምትሪ ሁለት ስም ተቀብሎ ዝርያዎቹ ከጋራ ቅድመ አያት የተለያዩበትን ጊዜ ይሰጣል። ያምራል፣ ፈጣን ነው፣ የተመሠረተባቸውን ጥናቶችም ይዘረዝራል። ለስከንክና ለንስር የሚሰጠው መልስ 320 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዚያው «ሰው» እና «ዶሮ» ብላችሁ ብታስገቡ መልሱ ያው ነው፤ የተለካው አጥቢዎችና ወፎች የተለያዩበት ጊዜ እንጂ የእነዚህ ሁለት እንስሳት የተለየ ታሪክ አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙን ማስገባት ይሻላል፤ በተራ ስም ሲፈለግ የትኛው ስከንክ እንደሆነ ላይለይ ይችላል።

በቀይ መዝገብ ሁለቱም ከስጋት ውጭ በሚባለው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ደረጃውን ብቻ ካያችሁ ልዩነት የለም። ዋጋው ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው፦ የሕዝብ ብዛት አዝማሚያ፣ የስጋት ዓይነት፣ ካርታ። ካርታው መገኘት የሚችልበትን ወሰን የሚያሳይ እንጂ በየነጥቡ አለ የሚል አይደለም። ለየትኛውም የወርቃማ ንስር ካርታ ጥሩ ፈተና የሚሆነው የባሌ ተራሮች ነው፤ እዚያ ከሌላው ስርጭት ተነጥሎ የሚኖር ትንሽ የንስር ሕዝብ አለ፤ ኢትዮጵያ ላይ ምንም ምልክት የሌለው ካርታ በችኮላ የተሳለ ነው። የካርታ ፋይሎቹን ለማውረድ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የወፎቹ ደግሞ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል በተባለው የአእዋፍ ጥበቃ ድርጅት በኩል ለብቻ ይጠየቃሉ።

የት ታየ ለሚለው ጥያቄ ሦስት አማራጭ አለ። ኢበርድ ለወፍ ብቻ ነው፤ ስከንክን አታገኙበትም። አይናቹራሊስት ሁለቱንም ይይዛል፣ ፎቶ ወይም ድምፅ ይጠይቃል፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ለዪዎች ሲስማሙበት መዝገቡን ለጥናት የሚበቃ ያደርገዋል። ጂቢፍ ደግሞ ከሁለቱም፣ ከሙዚየሞችም ሰብስቦ አንድ ላይ ያኖራል። ለማወዳደር ጂቢፍ ይመረጣል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። የንስሩ መዝገብ ከስከንኩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ይህም ንስር ይበዛል ማለት አይደለም። ወፍ ተመልካቾች በየቀኑ ያዩትን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ስከንክን ግን ማታ ወጥቶ የሚፈልገው የለም፤ የሚመዘገበው በአብዛኛው በአጋጣሚ ሲታይ፣ መኪና ገጭቶት መንገድ ዳር ሲገኝ ወይም ሙዚየም ውስጥ ቆዳው ሲቀመጥ ነው። የመዝገብ ብዛትን በእንስሳ ብዛት ቦታ የሚያስቀምጥ ማወዳደሪያ ሁሉ ይሳሳታል።

ከማውረዳችሁ በፊት ማጣሪያዎቹን አብጁ፦ በሕይወት የታየውን ከሙዚየም ናሙናና ከቅሪተ አካል ለዩ፣ የመገኛ ነጥብ ችግር ያለባቸውን አስወጡ፣ በእንስሳት ማቆያ ያሉትንም እንዲሁ። ማውረድ ነጻ ነው፤ አካውንት ብቻ ይጠይቃል፤ ለያንዳንዱ ማውረድም ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል፣ ውጤታችሁን ስትጽፉ እሱን ጥቀሱ። ቀላሉ ፋይል ሲኤስቪ (በኮማ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ) ቢባልም ዓምዶቹን የሚለየው ኮማ ሳይሆን ታብ ነው፤ ኤክሴል ላይ በድርብ ጠቅታ ከከፈታችሁት ሁሉም አንድ ዓምድ ውስጥ ይከማቻል። ከዳታ ማስገቢያው ታብን መርጣችሁ ክፈቱት። ኤክሴል ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይቀበልም፤ የንስሩን በአገር ወይም በዓመት ከፋፍላችሁ አውርዱ፣ የስከንኩን ግን ሳትከፋፍሉ ሞክሩት።